ትራንስክሪፕሽን ፋክተርን ስታጠኑ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ባዮሎጂ ሳስጠና የምጀምረው ጓሮ ካለው የቡና ዛፍ ነው። የቅጠሉም የቀዩ ፍሬም ዲኤንኤ አንድ ነው። የሚለያቸው የትኛው ጂን መቼና ምን ያህል እንደሚነበብ ነው፤ ይህን ከሚወስኑት ዋነኞቹ ደግሞ ትራንስክሪፕሽን ፋክተር የሚባሉት ፕሮቲኖች ናቸው። እስከዚህ ማንም አይቸገርም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ስህተት አንዱን ፋክተር «ቀስቃሽ»፣ ሌላውን «አፋኝ» ብሎ በቃል መሸምደድ ነው። ሥራውን የሚወስነው አብሮት ያለው ፕሮቲን ነው። ማክስ የተባለውን ውሰዱ፦ ሚክ ከተባለው ፕሮቲን ጋር ሲጣመር ጂኑን ይቀሰቅሳል፣ ማድ ከተባለው ጋር ሲጣመር ግን ያፍነዋል።

ነገሩ ከፈተና ያልፋል። የጡት ካንሰር መድኃኒት የሆነው ታሞክሲፈን የሚይዘው የኢስትሮጅን ተቀባይን ነው፤ ተቀባዩ ራሱ ትራንስክሪፕሽን ፋክተር ነው። በጡት ሕዋስ ውስጥ መድኃኒቱን የያዘው ተቀባይ አፋኝ ፕሮቲኖችን ይጠራል፤ ጂኖቹም ይታፈናሉ። በማሕፀን ውስጠኛ ሽፋን ግን ቀስቃሾችን ስለሚጠራ፣ ያው መድኃኒት እዚያ እንደ ኢስትሮጅን ይሠራል፣ የማሕፀን ካንሰር ስጋትንም ይጨምራል። ነገ ሐኪም ለሚሆን ተማሪ ይህን ሳላስረዳ ማለፍ አይሆንልኝም።

ሁለተኛው፣ ፋክተሩ ዲኤንኤው ላይ ከተቀመጠ ሥራ ጀምሯል ብሎ መደምደም ነው። እርሾ ውስጥ ግሉኮስም ጋላክቶስም በሌለበት ጊዜ ጋል4 የተባለው ፋክተር ዲኤንኤው ላይ ቦታውን ይዞ ይገኛል፤ ነገር ግን ጋል80 የተባለ ፕሮቲን ጋል4 ጂን የሚቀሰቅስበትን ክፍል ሸፍኖ ይይዘዋል። ጋላክቶስ ሲመጣ ጋል3 የተባለ ሌላ ፕሮቲን የጋል80ን እገታ ያላላል፣ ጂኖቹም መነበብ ይጀምራሉ። ስለዚህ ፋክተሩ የት እንደተቀመጠ ያሳየ ሙከራ ብቻውን አይበቃም፤ ጂኑ ሲነበብ የሚወጣውን ቅጂ፣ አርኤንኤውንም ለኩ።

ዲኤንኤን የማይነካ ፕሮቲን ጂን አይቆጣጠርም የሚሉም አሉ። ሜዲዬተር የሚባለው ግን ዲኤንኤን በራሱ ሳይይዝ ይቆጣጠራል። በሰው ሕዋስ 26 ገደማ ፕሮቲኖች የተሰባሰቡበት ነው፤ ፋክተሮቹን ጂኑን ከሚያነበው ፖሊመሬዝ ጋር የሚያገናኘው እሱ ነው።

የመጨረሻው፣ ፋክተሩ በበዛ ቁጥር ንባቡም ይጨምራል ብሎ ማሰብ ነው። በ1988 በወጣ ጥናት እርሾ ውስጥ ጋል4 ከልክ በላይ ሲበዛ፣ እሱ የማይቀመጥባቸው ጂኖች ጭምር ንባባቸው ቀነሰ። ሌሎቹ ፋክተሮችም የሚፈልጓቸውን አጋር ፕሮቲኖች ስለሚሻማባቸው ነው።