ስካተር ፕሎታችሁ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ሁለት ኮለም ቁጥር አላችሁ። አንዱ ሲጨምር ሌላው ይጨምራል ወይ የሚለውን ማወቅ ፈልጋችኋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ በቀጥታ ወደ ፎርሙላው ይሮጣል፤ ጋሪው ከፈረሱ ይቀድማል። ነጥቦቹን ግራፍ ላይ ሳታዩ የምታወጡት ኮሪሌሽን (የሁለቱን ዝምድና የሚለካው ቁጥር) ትክክል ሊሆን ይችላል፣ ጉድ ሊሠራችሁም ይችላል። የትኛው እንደሆነ ቁጥሩ ራሱ አይነግራችሁም።

ለማስታወስ ያህል፦ ስካተር ፕሎት ላይ እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ረድፍ ነው፤ አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ አንድ ዕቃ። ኮሪሌሽን ኮኤፊሸንት፣ ባጭሩ «አር»፣ ከ-1 እስከ 1 ይሄዳል። ወደ 1 ሲጠጋ ነጥቦቹ ወደ ላይ በሚወጣ ቀጥ ያለ መስመር ዙሪያ ተሰብስበዋል፤ ወደ -1 ሲጠጋ ወደ ታች በሚወርድ መስመር ዙሪያ። ወደ 0 ሲጠጋ ቀጥ ያለ መስመር የለም ማለት ነው። «ቀጥ ያለ» የምትለዋን ያዟት፣ በኋላ ትፈለጋለች።

ነጥብ ስጠብቅ የተጠላለፈ መስመር ወጣ

ላይን ቻርት መርጣችኋል። ኤክሴልም ሆነ ጉግል ሺትስ ላይ በጣም የተለመደው ስህተት ይሄ ነው። የኤክሴል ላይን ቻርት የአግድሙን ቁጥር እንደ ስም ነው የሚያየው፤ 1፣ 2 እና 10 ቢኖሩ በእኩል ርቀት ይደረድራቸዋል። ሁለቱንም ኮለም ሁለት መስመር አድርጎ የሚሥልበትም ጊዜ አለ። የቻርቱን ዓይነት ወደ ስካተር ቀይሩ፤ ከስካተሮቹም መስመር የሌለውን፣ ነጥብ ብቻ የሆነውን።

ስካተር መርጣችሁም አግድሙ ዘንግ ላይ የራሳችሁ ቁጥር ሳይሆን 1፣ 2፣ 3 ከተደረደረ ችግሩ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ኮለም ውስጥ ቁጥር መስሎ የተቀመጠ ጽሑፍ አለ። «12 ኪሎ» ተብሎ የተጻፈ ሴል ለኮምፒውተሩ ቁጥር አይደለም፤ ከፊቱ ስፔስ ያለው 12ም ሊያሳስተው ይችላል። በዓይን የሚለየው እንዲህ ነው፦ አሰላለፉን ካልነካችሁት ቁጥር ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍ ወደ ግራ ተጠግቶ ይቀመጣል። መለኪያውን ከየሴሉ አውጥታችሁ የኮለሙ ርዕስ ላይ ጻፉት።

የትኛው ኮለም ወደ ጎን፣ የትኛው ወደ ላይ?

መነሻ ነው ብላችሁ የምትጠረጥሩት አግድሙ ላይ፣ ውጤት የምትሉት ቋሚው ላይ። የጥናት ሰዓት ወደ ጎን፣ የፈተና ውጤት ወደ ላይ። ብታገላብጡት አር አይለወጥም። ትሬንድላይኑ፣ ማለትም በነጥቦቹ መካከል የሚሠመረው የግምት መስመር፣ ግን ይለወጣል፤ ከሰዓት ውጤትን የሚገምት መስመርና ከውጤት ሰዓትን የሚገምት መስመር አንድ አይደሉም።

ነጥቦቹ ሁሉ ጥግ ላይ ተከምረዋል

ሁለት ነገር ይሆናል። አንደኛው ዘንጉ ከ0 ጀምሮ ዳታችሁ ግን ከ150 እስከ 190 ባለው መካከል ሲሆን ነው። ባር ቻርት ከ0 ካልጀመረ ያሳስታል፤ ስካተር እንዲህ ያለ ግዴታ የለበትም። የዘንጉን ዝቅተኛ ቁጥር ወደ 145 አካባቢ አምጡት። ሁለተኛው ደግሞ ከሌሎቹ ርቆ የሄደ አንድ ነጥብ ግራፉን ሁሉ ወደ ራሱ ሲጎትተው ነው፤ እሱን ዝቅ ብሎ እናገኘዋለን።

ዘንጉን በጠባቡም በሰፊውም ብትሥሉት አር ያው ነው። ስለዚህ «ግራፉ ላይ ጠንካራ ይመስላል» ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

500 ረድፍ አለኝ፣ የሚታየው 30 ነጥብ ነው

ነጥቦቹ ተደራርበዋል። ከ1 እስከ 5 የተሰጠ የደረጃ መልስ ሲሆን የተለመደ ነው። ነጥቡን አሳንሱት፣ ቀለሙን ከፊል ግልጽ አድርጉት፤ የተደራረበው ቦታ ጠቆር ብሎ ይታያል። ያም ካልበቃ ለመሣያ ብቻ የሚሆን ኮፒ ሠርታችሁ በየቁጥሩ ላይ ጥቂት የዘፈቀደ ንቅናቄ ጨምሩ። ኮሪሌሽኑን ግን ከዋናው ዳታ ላይ አስሉ።

ፎርሙላው ቁጥር አልሰጥም አለ

ኤክሴል ላይ የምትጠቀሙት ኮሬል (CORREL) የሚባለውን ነው። «በዜሮ ማካፈል» (#DIV/0!) የሚል ስህተት ካመጣ ከኮለሞቹ አንዱ ውስጥ ያለው ቁጥር ሁሉ እኩል ነው፣ ወይም ኮለሙ ለፎርሙላው ባዶ ነው። የማይለዋወጥ ነገር ከምንም ጋር አይዛመድም። «ኤን ኤ» (#N/A) ካለ ደግሞ የመረጣችኋቸው ሁለት ኮለሞች ርዝመት አይገጥምም፤ አንዱን እስከ 40ኛው ረድፍ፣ ሌላውን እስከ 41ኛው ወስዳችኋል።

ኮሪሌሽኑ ከሚታመነው በላይ አማረ

0.99 ሲመጣ ደስ ከመሰኘት በፊት መጠርጠር ይሻላል። መጀመሪያ የማየው ነገር አንድ ኮለም ብቻ ሶርት ተደርጎ እንደሆነ ነው። ይህችን አምስት ረድፍ እዩ።

ሰዓት፦ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5
ውጤት፦ 70፣ 50፣ 80፣ 55፣ 65

አር -0.07 ገደማ ነው፤ ዝምድና የለም ማለት ይቻላል። አሁን አንድ ሰው «ላስተካክለው» ብሎ የውጤቱን ኮለም ብቻ ከትንሽ ወደ ትልቅ ደረደረው እንበል።

ሰዓት፦ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5
ውጤት፦ 50፣ 55፣ 65፣ 70፣ 80

አር 0.99 ሆነ። አንድም ቁጥር አልተለወጠም፤ የተለወጠው ማን ከማን ጋር እንደተጣመረ ነው። አንድ ሰዓት አጥንቶ 70 ያመጣው ተማሪ አሁን 50 ተሰጥቶታል። ኤክሴል ሶርት ስታደርጉ «ምርጫውን ላስፋ?» ብሎ የሚጠይቀው ለዚህ ነው፤ አዎ በሉት። መፍትሄው ዋናውን ፋይል መልሶ መክፈት ነው። ያ ከሌለ ጥንዱ ጠፍቷል፣ በፎርሙላ አይመለስም። ለወደፊቱ ለእያንዳንዱ ረድፍ መለያ ቁጥር የሚይዝ ኮለም መጀመሪያ ላይ አስገቡ።

ሌላው የውሸት 0.99 ምንጭ ደግሞ አንድን ነገር ከራሱ ጋር ማዛመድ ነው። ጠቅላላ ውጤትን ከዚያው ጠቅላላ ውስጥ ከተደመረ የአንድ ክፍል ውጤት ጋር ብታዛምዱ ከፍ ማለቱ አይቀርም።

ሊኖር የሚገባው ዝምድና ጠፋ

ያንኑ የተደረደረ ዳታ ትክክለኛ ነው ብለን እንውሰድ፤ አር 0.99 ነው። 65 ሲጻፍ ጣት ስታ 650 ሆነ። አር ወደ 0.05 ወረደ! አንዲት 0 ሁሉን ነገር አጠፋች። ግራፉን ብትሥሉት ግን በአንድ ዓይን እይታ ትይዙታላችሁ፤ አራቱ ነጥቦች ታች ተኝተው አንዱ ሰማይ ላይ ተሰቅሏል።

ያ ነጥብ የጽሑፍ ስህተት ከሆነ አርሙት። እውነተኛ ቁጥር ከሆነ ግን ስላስቸገራችሁ ብቻ አትሰርዙት። ከነጥቡ ጋርና ያለ ነጥቡ ሁለቱንም አስልታችሁ ሁለቱንም ተናገሩ። ወይም የስፒርማንን የደረጃ ኮሪሌሽን ተጠቀሙ፤ እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ቻርልስ ስፒርማን በ1904 ያቀረበው ነው፣ ከቁጥሩ ይልቅ ተራውን ያያል። ሁለቱንም ኮለም በራንክ ፎርሙላ ወደ 1ኛ፣ 2ኛ፣ 3ኛ ቀይራችሁ ኮሬልን በደረጃዎቹ ላይ ማስላት ነው። እኩል ቁጥሮች ካሉ አማካይ ደረጃ የሚሰጠውን ራንክ ምረጡ። 650 እንዳለ ሆኖ ስፒርማን 0.7 ይሰጣል።

የጎደለ መረጃም እንዲሁ ያደርጋል። ያቺ 65 ጠፍታ በቦታዋ 0 ቢሞላ አር 0.38 ይሆናል። ሴሉ ባዶ ቢተው ግን ኮሬል ያንን ረድፍ ዘልሎ 0.99 ይሰጣል። ፈተናውን ያልወሰደ ተማሪና 0 ያመጣ ተማሪ አንድ አይደሉም። «መልስ የለም» ለማለት 999 የሚሞሉ ፎርሞችም አሉ፤ እነሱን ቀድማችሁ አጽዱ።

ሁሉም ነገር ንጹህ ሆኖ ዝምድናው ግን ደካማ ከሆነ የዳታችሁን ስፋት እዩ። ከ90 በላይ ያመጡትን ብቻ ሰብስባችሁ ከሆነ የሚወዳደር ነገር አላስቀራችሁም። ጠባብ ክልል ውስጥ አር አብዛኛውን ጊዜ ይደክማል።

አር 0 ነው፣ ግራፉ ላይ ግን ቅርጽ ይታየኛል

ዓይናችሁን እመኑ። አግድሙ ላይ -3፣ -2፣ -1፣ 0፣ 1፣ 2፣ 3 አስቀምጡ፤ ቋሚው ላይ የእያንዳንዱን ስኩዌር፣ 9፣ 4፣ 1፣ 0፣ 1፣ 4፣ 9። አንዱን ካወቃችሁ ሌላውን ያለ ምንም ስህተት ታውቃላችሁ፤ አር ግን ልክ 0 ነው። አር የሚያየው ቀጥ ያለ መስመርን ነው፤ ወርዶ የሚወጣ ነገር ግማሹ ግማሹን ያጣፋበታል።

መፍትሄው በቅርጹ ይወሰናል። ወርዶ የሚወጣ ከሆነ መታጠፊያው ላይ ለሁለት ክፈሉት፣ ወይም ጠማማ ትሬንድላይን አስገቡ። ሳይመለስ ወደ ላይ ብቻ እየሄደ ከታጠፈ ስፒርማን ይበቃዋል፤ ወይም አንዱን ዘንግ ወደ ሎጋሪዝም ቀይሩት። ለመጀመሪያው ቅርጽ ስፒርማንም አያዋጣም።

ፍራንሲስ አንስኮምብ የተባለ ስታቲስቲሺያን በ1973 ይህንኑ ለማሳየት አራት ዳታ ሠርቶ ነበር። እያንዳንዱ 11 ነጥብ አለው። የአራቱም አር 0.816 ገደማ፣ የአራቱም መስመር ከ3 ተነስቶ አግድሙ በ1 በጨመረ ቁጥር 0.5 የሚወጣ ነው። ሲሣሉ ግን አንዱ ጤነኛ የተበተነ ነጥብ ነው፤ ሁለተኛው ቅስት፤ ሦስተኛው አንድ ነጥብ ያጣመመው ቀጥ ያለ መስመር። አራተኛው ላይ አሥሩ ነጥቦች በአንድ ቋሚ ሰልፍ ቆመው አንዷ የራቀች ነጥብ ብቻዋን ዝምድናውን ፈጥራዋለች። ቁጥሮቹን ኤክሴል ላይ ጽፋችሁ አንዴ ሥሏቸው፤ ከብዙ ገለጻ ይሻላል።

ነጥቦቹ ሁለት መንጋ ሆነዋል

አሜሪካ ባለው የሎውስቶን ፓርክ ውስጥ ኦልድ ፌይዝፉል የሚባል በየጊዜው ውሃ ወደ ሰማይ የሚረጭ ፍልውሃ አለ። በስታቲስቲክስ ትምህርት የታወቀው ዳታው 272 ረድፍ አለው፤ ርጭቱ የቆየበት ደቂቃና ቀጣዩ እስኪመጣ የተጠበቀው ደቂቃ። አር 0.90 ነው። ሲሣል ግን ሁለት መንጋ ይታያል፤ አጭር ርጭት ከአጭር ጥበቃ ጋር፣ ረጅሙ ከረጅሙ ጋር። እያንዳንዱን መንጋ ለብቻ ብታሰሉት አር እጅግ ዝቅ ይላል። 0.90ው በዋናነት የሚናገረው በሁለቱ መንጎች መካከል ስላለው ርቀት ነው።

የእናንተም ዳታ እንዲህ ከሆነ መንጎቹን የለያቸውን ነገር ፈልጉ፤ ዕድሜ፣ ክፍል፣ የመሣሪያ ዓይነት። እያንዳንዱን በተለያየ ቀለም ሥሉ፣ አሩንም ለየብቻ አውጡ። አንዳንዴ በጥቅል የሚወጣው መስመር በየቡድኑ ሲታይ ቁልቁል ይገለበጣል፤ ሲምፕሰን ፓራዶክስ ይሉታል።

ጥቂት ነጥብ፣ ትልቅ ተስፋ

በአምስት ነጥብ 0.8 አገኘሁ ብሎ መደምደም አይቻልም። በተለመደው የ5 በመቶ መለኪያ (ዝምድና ባይኖር እንዲህ ያለ አር በአጋጣሚ የመምጣቱ ዕድል ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ የሚጠይቀው) አር ቢያንስ እዚህ ካልደረሰ ዝምድናው በአጋጣሚ ሊመጣ ይችላል፦ በ5 ነጥብ 0.88፣ በ10 ነጥብ 0.63፣ በ30 ነጥብ 0.36፣ በ100 ነጥብ 0.20። በሌላ በኩል ብዙ ሺህ ረድፍ ሲኖር 0.05 እንኳ መለኪያውን ያልፋል፤ ለሥራ የሚረባ ነገር ግን ላይሆን ይችላል።

0.3ን «30 በመቶ ይዛመዳል» ብሎ ማንበብም ቀርቶ ቢሆን ደስ ይለኛል። በመቶኛ መናገር ካለባችሁ አርን ስኩዌር አድርጉት፤ 0.09። መስመሩ የሚገልጸው የልዩነቱን 9 በመቶ ነው።

ሁሉም ትክክል ነው፣ ትርጉሙ ግን አልዋጥ አለኝ

የልጆች የጫማ ቁጥር ሲጨምር የማንበብ ችሎታቸው ይጨምራል። ዳታው እውነት ነው፤ ሁለቱንም የሚያሳድገው ዕድሜ ነው። እንዲህ ሲሆን ሦስተኛውን ነገር ያዙት፦ የ8 ዓመት ልጆችን ብቻ ለይታችሁ ሥሉ። ዝምድናው ከሟሸሸ ጥፋተኛውን አገኛችሁት።

በጣም የሚያታልለው ግን ጊዜ ነው። ስታቲስቲሺያኑ ጆርጅ ዩድኒ ዩል በ1926 ባቀረበው ጽሑፍ ከ1866 እስከ 1911 ያለውን የእንግሊዝና የዌልስ መረጃ አስልቶ ነበር። ከጋብቻዎች ሁሉ በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የተፈጸሙት ድርሻና የሞት መጠን 0.95 ተዛመዱ። የቤተ ክርስቲያን ጋብቻ ሰው ስለሚገድል አይደለም፤ ሁለቱም በእነዚያ ዓመታት እየቀነሱ ስለነበር ነው። በጊዜ ሂደት በአንድ አቅጣጫ የሚሄዱ ማናቸውም ሁለት ነገሮች አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ያለ አር ይሰጣሉ።

ስለዚህ ዳታችሁ በዓመት ወይም በወር የተደረደረ ከሆነ መጠኑን ሳይሆን ለውጡን አዛምዱ። አዲስ ኮለም ክፈቱ፣ ከእያንዳንዱ ወር ላይ ያለፈውን ወር ቀንሱ፣ ለሁለቱም እንዲሁ አድርጉ፣ ከዚያ ስካተሩን በልዩነቶቹ ሥሉ። የመጀመሪያው ረድፍ ባዶ ይቀራል፤ 0 እንዳትሞሉበት።