«ክብሪት አምጡ!» እና ሌሎች ስህተቶቻችን

ባለፈው ክረምት ነው። ጎንደር ፒያሳ፣ ዝናቡን ሸሽተን አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተጠልለናል። ቢበዛ አሥራ ሦስት ዓመት የሚሆነው ልጅ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። የሹራቡን እጅጌ አፍንጫው ላይ ደቅኗል። እጅጌው ውስጥ ትንሽ ሃይላንድ አለች፤ ከታች ማር የመሰለ ማስቲሽ ተጣብቆባታል። ድንገት ዘመም አለና መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወዲያው ከሰዉ መሃል «ክብሪት አምጡ!» የሚል ጩኸት ተሰማ።

ደግነቱ የመጣው ክብሪት ርሶ ነበር።

ክብሪት ጭሮ ማሽተት ለሚጥል በሽታም አይጠቅምም። ማስቲሽ፣ ቤንዚን ወይም አኳራጅ (የቀለም ማቅጠኛ) ለሳበ ልጅ ደግሞ አደጋ ነው። ትነታቸው በቀላሉ በእሳት ይያያዛል፣ ልብሱም ያንኑ ጠጥቷል። የሚሻለው ሰዉን ገለል አድርጎ አየር መስጠት፣ ጠርሙሷን ማራቅ፣ ጭንቅላቱ ስር ልብስ ማድረግ ነው። መንቀጥቀጡ ሲያቆም በጎኑ አስተኙት። አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አይግባ። ከዚያ ባጃጅ ጠርቶ ወደ ሆስፒታል፤ ምን እንደሳበ ለሐኪሙ መንገር አይረሳ።

«ያዘው! አባረው!»

ይህን ስህተት እኔም ሠርቻለሁ። በራችን ላይ ሲስቡ ያገኘኋቸውን ልጆች ዱላ አንስቼ አባርሬያለሁ። ያኔ አላወቅኩም እንጂ ልገድላቸው እችል ነበር።

ሰው ሲደነግጥ ወይም ሲሮጥ ሰውነቱ አድሬናሊን ይረጫል። ትነቱ የገባበት ልብ ደግሞ ይህን አይችልም። ምቱ ይዘበራረቃል፣ ቀጥ ሊልም ይችላል። ለዓመታት የሳበ መሆን አያስፈልግም፤ በመጀመሪያው ቀንም ይደርሳል። ስለዚህ ሲስብ ያገኛችሁትን ልጅ አትጩኹበት፣ አትሩጡበት። ቀስ ብላችሁ ቅረቡ። «ና የእኔ ልጅ፣ እዚህ አየር አለ» በሉት።

«ወተት ስጡት»

ወተት መርዝ ያረክሳል የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ነው። ቤንዚን በጎማ በአፉ ሲቀዳ የዋጠ ልጅ ግን ወተት ተግቶ ቢያስመልስ፣ ቤንዚኑ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ሆዱ ውስጥ ከቆየው ይልቅ ሳንባ የገባው ይከፋል። ወተት አትስጡት፤ ለማስመለስም ጣት አትክተቱበት። በቀጥታ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

«የጎዳና ልጅ ነገር ነው»

እስኪ ቤታችሁን ዙሩ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን፣ ከእድሳት የተረፈ አኳራጅ፣ የሚረጭ ዶድራንት። ባጃጅ ያለው ቤት ከሆነ ደግሞ አልጋ ስር ቤንዚን የሞላ ሃይላንድ አይጠፋም። እዚህ ላይ ቆጣ ልበል፦ ውኃ በሚጠጣበት ዕቃ ቤንዚን ማስቀመጥ ይቅር!

መጠጥ መጠጥ ሳይሸት የሚንገዳገድ፣ ምላሱ የሚተሳሰር፣ አፍና አፍንጫው ዙሪያ ሽፍታ ያወጣ፣ ምግብ የጠላ፣ ልብሱ ቀለም ወይም ነዳጅ የሚሸት ልጅ ካለ ጠይቁት። ስካሩ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚበርድ ወላጅ ሳያይ ሊያልፍ ይችላል። ሲደጋገም ግን አእምሮን፣ ኩላሊትን፣ የእግርን ነርቭ ይጎዳል።

«ጠበል ይበቃዋል»

ጠበሉን አልቃወምም፤ እኔም እጠመቃለሁ። ግን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ሁለቱ አይጣሉም። ልጁ መሳብ ሲያቆም እንቅልፍ ሊነሣው፣ ሊነጫነጭ፣ ተመልሶ ሊገባበትም ይችላል። ያኔ «አልሆነለትም» ብሎ መተው አይገባም።

«ጠርሙሱን ቀሙት፣ አለቀ»

ያ የፒያሳው ልጅ ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ የጠየቀው ሃይላንዱን ነው። ቆይቶ «ለምን ትስባለህ?» አልኩት።

«ብርዱን አላውቀውም። ርሃቡንም።»

ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የክረምት ሌሊቷን ውጭ ያደረ ያውቀዋል። ጠርሙሱን ከቀማነው በምትኩ ዳቦና ማደሪያ ያስፈልገዋል። የሰጠሁት ዳቦ ለዚያች ምሽት ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ።

ማስቲሹ ከየት እንደሚመጣም አጣራሁ። ለጫማ ሰፊው የሥራ ዕቃ ነው እንጂ ኮንትሮባንድ አይደለም። ሰፈራችን ያሉትን ሽማግሌ ጫማ ሰፊ ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ለልጆች ይሸጣሉ እንዴ?»

«ኧረ ልጄ! ጣሳውን ስጥለው ነው ትራፊውን የሚፍቁት።»

አሁን ጣሳ ሲያልቅ አፈር ይሞሉበታል፣ በመዶሻ ደልድለው ይጥሉታል። ባለፈው ሳምንት ጫማዬን ላሠፋ ስሄድ አጠገባቸው ያለው ወጣት ሰፊም ከእግሩ ስር አፈር የሞላ ጣሳ አስቀምጧል።