ስለ መፈናቀል የተጻፉ የአፓላችያን ልብ ወለዶችን እንዴት እናንብብ?

በምሥራቅ አሜሪካ ከአፓላችያን ተራሮች፣ ማለትም ከዌስት ቨርጂኒያ፣ ከምሥራቅ ኬንታኪ፣ ከቴነሲና ከካሮላይናዎች የወጡ ብዙ ልብ ወለዶች ሰው ከቀዬው ሲነቀል የሚሆነውን ይተርካሉ። ሳይዘጋጁ የጀመሯቸው አንባቢዎች ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች አያልፉም። አነጋገሩ ይከብዳቸዋል፤ ሰዎቹን የሚያስነሳው ማን እንደሆነም አይገባቸውም።

መጀመሪያ አስነሺውን ለዩ። ብዙውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው፤ ግድብ፣ ብሔራዊ ፓርክ ወይም የድንጋይ ከሰል። በፈረንጆች 1933 የተቋቋመው የቴነሲ ሸለቆ ባለሥልጣን በክሊንች ወንዝ ላይ በሠራው የኖሪስ ግድብ ብቻ 3,000 ያህል ቤተሰቦች ተነሥተዋል። የመሬት ካሳ የተከፈለው ለባለ መሬቱ ነው፤ ጭሰኛው ለሚያርሰው መሬት ያገኘው አልነበረም። በቨርጂኒያ ደግሞ በ1928 የወጣ ሕግ ለሼናንዶዋ ፓርክ መሬት በጅምላ ለመውሰድ አስቻለ። ከሁሉ የሚያደናግረው ከሰሉ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ብዙ ገበሬዎች ከመሬታቸው በታች ያለውን ማዕድን በትንሽ ዋጋ ሸጡ፤ ላይኛው አፈር ግን በእጃቸው ቀረ። ከአሥርት ዓመታት በኋላ ዶዘር መጣ። የኬንታኪ ፍርድ ቤቶችም ያ አሮጌ ውል ማሳውን ገልብጦ ለማውጣት ይፈቅዳል ሲሉ ኖሩ። ነገሩ የተለወጠው በ1988 የግዛቲቱ ሕገ መንግሥት ሲሻሻል ነው። ይህን ያላወቀ አንባቢ «ለምን አይከሱም?» እያለ ገጸ ባሕርያቱን ይወቅሳል።

ቀጥሎ ቅደም ተከተል ያዙ። በጄምስ ስቲል «ሪቨር ኦፍ ኧርዝ» (1940) ጀምሩ፤ አጭር ነው፣ ተራኪውም ልጅ ነው። ከዚያ የሮን ራሽን «ዋን ፉት ኢን ኢደን» (2002) አንብቡ። በውኃ ሊዋጥ ስላለ ሸለቆ አምስት ሰዎች በየተራ የሚተርኩበት ነው፤ የምዕራፉን ተራኪ ስም በእርሳስ አክብቡ። ከ500 ገጽ በላይ የሆነውን የሃሪየት አርናውን «ዘ ዶልሜከር» (1954) ሦስተኛ አድርጉት።

አነጋገሩን በጆሮ እንጂ በዓይን ለመያዝ አትሞክሩ። የመጀመሪያዎቹን አሥር ገጾች ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ፤ የድምፅ ቅጂ ካገኛችሁ ደግሞ መጽሐፉን ይዛችሁ አዳምጡት። «ሂት» ሲሉ ብዙ ጊዜ «ኢት» ማለታቸው ነው፣ ማንም ማንንም አልመታም። «ሆለር» በሁለት ተራራ መካከል ያለ ጠባብ ሸለቆ ነው። «ብራንች» ቅርንጫፍ ሳይሆን ትንሽ ጅረት፣ «ፖክ» ደግሞ ከረጢት ነው። የስልክ መዝገበ ቃላት እነዚህን አሳስቶ ሊፈታቸው ስለሚችል የራሳችሁን ዝርዝር በሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ጻፉ።

ዋናው ሥራ ግን ማስታወሻው ነው። አንድ ገጽ ለሦስት ክፈሉና መሬት፣ ወረቀት፣ መቃብር በሉት። መሬቱን ማን ያርሰዋል? ወረቀቱስ በማን ስም ነው? ሙታኑ የት ናቸው? «ዘ ዶልሜከር» ውስጥ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ገርቲ እርሻ ለመግዛት ለዓመታት ያጠራቀመችውን ገንዘብ በካፖርቷ ገበር ውስጥ ደብቃ ትይዛለች። ገንዘቡ ሞልቶ መሬቱ በእጇ ሊገባ ሲል እናቷ ሚስት ባሏን መከተል አለባት ብላ ጣልቃ ትገባለች፤ ሽያጩ ይፈርሳል፣ ገርቲም ልጆቿን ይዛ ባሏ ወደሚሠራበት ዲትሮይት ትሄዳለች። በማስታወሻው የመሬት ዓምድ ሙሉ፣ የወረቀቱ ዓምድ ባዶ ሆኖ ታዩታላችሁ። የመጽሐፉ ሕመም ያለው እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ነው።

መቃብሩን አትዝለሉ። በኖሪስ ውኃው ሳይሞላ 5,000 ያህል መቃብሮች ተከፍተው አጽም ፈልሷል። አጽመ ርስት የሚል ቃል ላለው አንባቢ እነዚህ ትዕይንቶች ብዙ ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም።

አንድ ስሕተት በብዛት ይታያል፤ ተራራ ሰው ሁሉ ተበዳይ፣ መጤ ሁሉ በዳይ ይደረጋል። መሬት ለኩባንያ ሲገዙ ከነበሩት መካከል የአገሩ ልጆች ነበሩበት፤ ወዶ የሸጠም አለ። ከእነዚሁ ተራሮች ቼሮኪ ከተባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አብዛኞቹ በ1838 በወታደር ተገፍተው ወጥተዋል። ስለዚህ የመሬት ዓምዱን ስትሞሉ ከገበሬው በፊት የነበረውንም ጻፉ።

በዋሽንግተንና በሰሜን ቨርጂኒያ የምትኖሩ ካላችሁ ሼናንዶዋ በመኪና የሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ነው። ቅጠል ከረገፈ በኋላ ሂዱ፤ በሙቀቱ ወራት ጫካው ሁሉን ይሸፍነዋል። በእግር መንገዶቹ ዳር የድንጋይ ጭስ መውጫ፣ የቤት መሠረት፣ የቤተሰብ መቃብር ይታያል። ከመቃብሮቹ ድንጋይ አታንሡ።