የቴሌግራም ቦት ለእህል መደብር፦ ላይብረሪው የሚሠራላችሁና የማይሠራላችሁ

አጎቴ ደብረ ማርቆስ ገበያ እህል ይነግዳሉ። ከአማኑኤል፣ ከደጀንና ከቢቸና በኩል ስንዴና ጤፍ ከሚያመጡላቸው ሰዎች ጋር ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ናቸው፦ ዛሬ ዋጋው ስንት ዋለ፣ ስንት ኩንታል ልጫን፣ ባዶ ጆንያውን ማን ይመልሳል። እኔ ፓይተን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) እሞክራለሁና «ጋሼ፣ ይህን በቴሌግራም ቦት እናድርገው» አልኋቸው። ጠዋት ዋጋውን አንድ ጊዜ ይጽፋሉ፣ ቦቱ ለሁሉም ያደርሳል፤ ትእዛዝ ካለም በዚያው ይሄዳል። ኮዱን በሁለት ቀን ጻፍኩት። ላይብረሪው (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት ኮድ) ይሠራልኛል ብዬ የተውኩትን ለማስተካከል ግን ወራት ወሰደብኝ። እናንተ ያን ያህል እንዳትደክሙ ነው ይህን የምጽፈው።

መጀመሪያ ያለ ላይብረሪ ሞክሩት። ቴሌግራም ላይ ቦትፋዘርን ፈልጋችሁ አዲስ ቦት ጠይቁት፤ ቶክን ይሰጣችኋል። ቶክን በቁጥር ጀምሮ፣ በሁለት ነጥብ ተከፍሎ፣ በረጅም የፊደል ድርድር የሚያልቅ ቁልፍ ነው። አሁን ብሮውዘር ላይ የቴሌግራምን የኤፒአይ አድራሻ (ፕሮግራሞች ቴሌግራምን የሚያናግሩበትን) ጻፉ፤ ከእዝባር ቀጥሎ «ቦት» የሚለውን ቃል ከቶክኑ ጋር አጣብቁት፤ ከሌላ እዝባር ቀጥሎ «ጌትሚ» በሉ (ሁሉም በላቲን ፊደል ነው የሚጻፈው)። የሚመለሰው ጄሰን (ለፕሮግራም እንዲመች የተደረደረ ጽሑፍ) ነው፤ የቦታችሁ ስም ውስጡ አለ። ከቶክኑ አንድ ፊደል አጥፍታችሁ ብትደግሙት ስሕተት ይመልሳል።

ቀጥሎ በስልካችሁ ለቦቱ «ሰላም» ብላችሁ ላኩና በ«ጌትሚ» ቦታ «ጌትአፕዴትስ» ብላችሁ ጥሩ። ሰላምታችሁ ተጽፎ ይመጣል። ገጹን ብታድሱት ያው ሰላምታ እንደገና ይመጣል። «እስከዚህ ተቀብያለሁ» የሚባለው የመጨረሻው አፕዴት (ለቦቱ የመጣው መልእክት) ቁጥር ላይ አንድ ተደምሮ «ኦፍሴት» በሚለው ሲላክ ነው። ይህን አንድ ጊዜ በእጁ ያደረገ ሰው ላይብረሪ ምን እንደሆነ ይገባዋል፦ አገልግሎቱን እየደጋገመ ይጠራል፣ ቁጥሩን ይይዛል፣ ጄሰኑን ወደ ፓይተን ዕቃ ይለውጣል። ሰነድ ስታነቡም ከላይብረሪው በፊት የአገልግሎቱን የራሱን አንብቡ። ሕጉን የሚያወጣው እሱ ነው።

እኔ የምጠቀመው ፓይተን-ቴሌግራም-ቦት የሚባለውን ነው። በፒፕ (የፓይተን ጥቅሎች መጫኛ) ስትጭኑት በዚህ ሙሉ ስሙ ጫኑት። ኮድ ውስጥ የሚጠራው «ቴሌግራም» ተብሎ ስለሆነ ፒፕ ላይም እንዲሁ ብሎ የሚጭን ሰው አለ፤ ያ ግን ሌላ ጥቅል ነው፣ ሁለቱ አብረው ሲጫኑም ይጋጫሉ። እትሙንም አስተውሉ። እትም 20 በፈረንጆች 2023 መጀመሪያ ሲወጣ ላይብረሪው ወደ አሲንክ (አንዱን ሥራ እየጠበቀ ሌላውን ወደሚሠራ አጻጻፍ) ተዛውሯል። «ዲስፓቸር» ላይ ሃንድለር (መልእክት ሲመጣ የሚጠራ የኮድ ክፍል) የሚጨምር፣ «አዌይት» የሚባል ቃል የሌለበት ምሳሌ ካያችሁ የድሮው ነው፤ እለፉት። አዲሱ በ«አፕሊኬሽን ቢልደር» ይጀምራል፣ ሃንድለሮች ይጨመሩበታል፣ በ«ራን ፖሊንግ» ይነሣል። ሱቅ ውስጥ ባለ ላፕቶፕ ለሚሠራ ሰው ፖሊንግ፣ ማለትም አገልግሎቱን እየደጋገሙ መጠየቅ፣ ይበቃዋል።

ቶክኑን ኮዱ ውስጥ አትጻፉት፤ በኢንቫይሮመንት ቫሪያብል (ከኮዱ ውጭ ኮምፒውተሩ ላይ በሚቀመጥ) ይግባ። ብዙ ሰው የማያየው ሌላ ቀዳዳም አለ። ቶክኑ አድራሻው ውስጥ የሚገባ ስለሆነ፣ ላይብረሪው ከሥር የሚጠቀምበት ኤችቲቲፒኤክስ (አድራሻዎቹን የሚጠራው ሌላ ላይብረሪ) ሎጉ ላይ፣ ማለትም የሥራ መዝገቡ ላይ፣ እያንዳንዱን ጥሪ ከነአድራሻው ይጽፋል። ስሕተት ገጥሟችሁ የሎጉን ፎቶ ለጓደኛ ስትልኩ ቁልፉን አብራችሁ ላካችሁ ማለት ነው። የኤችቲቲፒኤክስን ሎግ ወደ «ዋርኒንግ» ከፍ አድርጉት፤ ተራውን ጥሪ መጻፍ ይተዋል። ቶክኑ ከወጣ ደግሞ ሳትውሉ ሳታድሩ በቦትፋዘር አስለውጡት።

በአማርኛ ለምንሠራ ሰዎች ቶሎ የሚገጥመን የትእዛዝ ነገር ነው። በእዝባር የሚጀምሩት የቦት ትእዛዞች የሚቀበሉት የላቲን ትንንሽ ፊደላትን፣ ቁጥርንና የታች ሰረዝን ብቻ ነው። «ዋጋ» የሚል ትእዛዝ በፊደላችን ብትሰጡት «ኮማንድ ሃንድለር» ገና ሲነሣ እንቢ ይላል። መፍትሔው አዝራር ነው፤ «የዛሬ ዋጋ»፣ «ትእዛዜ» የሚሉ አዝራሮችን በ«ሪፕላይ ኪቦርድ» አስቀምጡና ጽሑፉን በ«ሜሴጅ ሃንድለር» ተቀበሉት። አንዱ «ዓይነት» ሌላው «አይነት» ብሎ የሚጽፈውን ከማመሳሰልም ያሳርፋችኋል።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ።

አንድ የገበያ ቀን ጋሼ በቦቱ በኩል አማኑኤል ላለ ሰው «20 ኩንታል ስንዴ ላክ» ብለው አዘዙ። ኔትወርኩ እየሄደ ይመጣል። ላይብረሪው «ታይምድ አውት» የሚል ስሕተት አነሣ። እኔም ኮዱን ስጽፍ «ስሕተት ከመጣ ድገም» ብየው ነበርና ደገመ። በማግስቱ አይሱዙው 40 ኩንታል ጭኖ መጋዘኑ በር ላይ ቆመ። ሰውየው «ሁለት ጊዜ አይደል ያዘዙኝ?» ሲል ስልኩን አሳየ፤ እውነትም ሁለት መልእክት ነበረው። ጋሼ ሃያውን ትርፍ ኩንታል ተበድረው ከፈሉ። እኔን አልተቆጡኝም፤ ጆንያውን ቆጥረው ሲጨርሱ «ልጄ፣ ይህ ነገር ዳግመኛ እንዳይሆን አርገህ ሥራው» ብቻ አሉ።

ታይምድ አውት «መልእክቱ አልደረሰም» ማለት አይደለም፤ «መልስ አልሰማሁም» ማለት ነው። ልጅ ወደ ጎረቤት ልካችሁ ሳይመለስ ቢዘገይ፣ መልእክቱን አድርሶ መንገድ ላይ ይጫወት ወይም ጭራሽ አይድረስ በምን ታውቃላችሁ? ሌላ ልጅ ብትልኩ ጎረቤቱ ሁለት ጊዜ ሊሰማ ይችላል። ቴሌግራም ደግሞ መልእክት ሲላክለት «ይህ ያው የቅድሙ ነው» ብሎ የሚለይበት ቁልፍ የለውም። ላይብረሪውም የምትልኩትን በራሱ አይደግምም፤ ፖሊንጉ ሲቋረጥ ግን በራሱ ይቀጥላል። እንዲህ መሆኑ ልክ ነው፤ መድገም አለመድገሙን የሚያውቀው የመልእክቱን ክብደት የሚያውቅ ሰው ነው።

ስለዚህ እንዲህ አደረግሁ። መጀመሪያ ትዕግሥቱን አስረዘምኩት፦ ላይብረሪው ለመገናኘትም ሆነ መልስ ለመስማት የሚጠብቀው 5 ሰከንድ ነው፤ በእኛ ኔትወርክ አይበቃም፤ በ«አፕሊኬሽን ቢልደር» በኩል ሁለቱንም 20 አደረግኋቸው። ቀጥሎ መልእክቶቹን ለሁለት ከፈልኩ። የዋጋ መልእክት ሁለት ጊዜ ቢደርስ ማንንም አይጎዳም፤ እሱ ይደገም። ትእዛዝ ግን አይደገምም። ከመላኩ በፊት ተራ ቁጥር ይሰጠውና ኤስኪውላይት (በአንድ ፋይል የሚቀመጥ ዳታቤዝ) ውስጥ ይመዘገባል፤ ጽሑፉም «ትእዛዝ ቁጥር 57» ብሎ ይጀምራል፤ ከሥሩ «ደርሶኛል» የሚል አዝራር አለው። አዝራሩ ካልተነካ ቦቱ ለጋሼ «ቁጥር 57 መድረሱ አልታወቀም» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ይደውላሉ። ሃያ ኩንታል ስንዴ የአንድ ደቂቃ ስልክ ይገባዋል።

ሌሎቹ ስሕተቶች ከዚህ ይቀላሉ። 429 ወይም «ሪትራይ አፍተር» ከመጣ መልእክቱ አልተላከም፤ የተባላችሁትን ሰከንድ ጠብቃችሁ መድገም ትችላላችሁ። 403 አብዛኛውን ጊዜ ሰውየው ቦቱን ዘግቶታል ማለት ነው፤ ከዝርዝሩ አውጡት። (አንድ ሰው ራሱ «ስታርት» ካላለ ቦት ቀድሞ ሊጽፍለት እንደማይችልም አትርሱ፤ እኔ ደንበኞቹን ሁሉ መደብሩ ሲመጡ አንድ በአንድ አስጫንኳቸው።) 400 የላካችሁት ራሱ ስሕተት ነው፤ ሺህ ጊዜ ቢደገም አይስተካከልም። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፦ በዚህ ላይብረሪ «ባድ ሪኩዌስት»ም «ታይምድ አውት»ም የ«ኔትወርክ ኤረር» ልጆች ናቸው። እናታቸውን ይዛችሁ «ድገም» ካላችሁ ሁለቱም ይደገማሉ። ልጆቹን በስማቸው ለይታችሁ ያዙ። 409 ካያችሁ ደግሞ ያው ቦት ሁለት ቦታ ተነሥቷል፤ ቤት ያለውን ወይም ሱቅ ያለውን አጥፉ።

መብራት ሲጠፋ ቴሌግራም ያልተቀበላችሁትን መልእክት ያቆይላችኋል፤ ከ24 ሰዓት በላይ ግን አያቆይም። ብዙ ምሳሌዎች ላይ «ድሮፕ ፔንዲንግ አፕዴትስ» የሚለው «እውነት» ተደርጎ ታያላችሁ። ያ ማለት ቦቱ ሲነሣ ጨለማ ላይ ሳላችሁ የመጣውን ሁሉ ይጥለዋል ማለት ነው። እንደኛ መብራት በሚመላለስበት አገር አትንኩት፤ እንዳለ «ሐሰት» ሆኖ ይቀመጥ።

የቀረው ሰዓት ነው። ጋሼ የዋጋው ማስታወሻ ጠዋት 1 ሰዓት ይድረሰኝ ብለው ነበርና «ጆብ ኪው» (በሰዓቱ ሥራ የሚያስነሣው ክፍል) ላይ 1 ብዬ ጻፍኩ። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ቀሰቀሳቸው። ላይብረሪው ቀጠና ካልተነገረው የሚቆጥረው በዩቲሲ (ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ባለው የዓለም ሰዓት) ነው፤ የእሱ 1 ሰዓት የእኛ ሌሊት 10 ነው። የሰዓት ቀጠናውን «አፍሪካ/አዲስ አበባ» ብላችሁ ስጡና ለጠዋቱ 1 ሰዓት በፈረንጆች አቆጣጠር 7 ጻፉ። «ጆብ ኪው» ከላይብረሪው ጋር አብሮ አይመጣም፤ ሲጫን ለብቻው መጠየቅ አለበት። የቀኖቹ ቁጥርም ከእትም 20 ጀምሮ ተለውጧል፤ ድሮ 0 ሰኞ ነበር፣ አሁን እሑድ ነው። ከድሮ ምሳሌ ለቅዳሜ ገበያ 5 ብላችሁ ብትገለብጡ ማስታወሻው ዓርብ ይሄዳል። ለቅዳሜ 6 ጻፉ።