ዘይት ያደረቀው ኖዝል

ባሕር ዳር ነው። አንድ ድርጅት ግድግዳው ላይ ከሰቀለው የእሳት ማጥፊያ ሳጥን ኖዝሉን፣ ማለት በውሃ ቱቦው ጫፍ ላይ የሚገጠመውን መርጫ፣ አወጣሁና እጀታውን ሳብኩት። ንቅንቅ አላለም። ጥበቃው ግራ ገባቸው። «አምና እኮ ዘይት ቀብተነዋል!» አሉኝ።

«የምን ዘይት ጋሼ?»

«የኑግ ነዋ!»

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው። ጎጃም ላይ ኑግ ከቤት ስለማይጠፋ እጅ ቶሎ ወደሱ ይሄዳል። ግን ኑግ አየር ሲያገኘው ቀስ እያለ የሚደርቅ ዘይት ነው። ምጣድ በጎመን ዘር ሲታሰስ የሚሆነውን ታውቃላችሁ፤ እየዋለ እያደረ ጥቁርና የሚያንጸባርቅ ሽፋን ያበጃል። ለእንጀራ ግሩም ነው። ኖዝሉ ውስጥ ውሃ ለምትከፍተውና ለምትዘጋው ኳስ ግን ሙጫ ይሆናል።

የተቃጠለ የሞተር ዘይትም አይሻልም። ጥላሸትና የብረት ብናኝ ይዞ ይመጣል፤ አንዳንዱን የጎማ ዓይነት ደግሞ ያሳብጣል። ዝገት የሚያላቅቀው ስፕሬይም ለጊዜው ያንቀሳቅሰዋል እንጂ ተኖ ሲያልቅ እምብዛም ቅባት አይተርፈውም። የሚበጀው የሲሊኮን ግሪስ ወይም አምራቹ በመመሪያው ያዘዘው ነው። እሱም ስስ አድርጎ፣ ኦሪንጎቹ (ውሃ እንዳያፈስ የሚይዙት የጎማ ቀለበቶች) ላይና የሚሽከረከሩት ክፍሎች ላይ ብቻ። ውሃው የሚያልፍበት ውስጠኛው ቱቦ ግሪስ አያሻውም።

ሁለተኛው ሳያጥቡ መቀባት ነው። ዓባይን በክረምት አይታችሁታል፣ አፈር ተሸክሞ ነው የሚወርደው። ከወንዝ የተሳበ ውሃ ያለፈበት ኖዝል ውስጡ ደቃቅ አሸዋ ይቀራል። ግሪስ ሲጨመርበት ያው ወፍጮ ነው፤ እጀታው በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ጎማውን ይፈጨዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ንጹሕ ውሃ ልቀቁበት። ውሃው እየወጣ ከቀጥታው ወደ ርጭቱ፣ ከርጭቱ ወደ ቀጥታው አዙሩት። ወንፊት ካለው ጠጠር እንዳልያዘ እዩ። አረፋ የረጨ ኖዝልማ እዚያው ሳይደርቅ መታጠብ አለበት።

በብረት ብሩሽ መፈግፈግም ይቅር። አሉሚኒየሙን ከዝገት የሚከላከለው ሽፋን አብሮ ይላጣል። ለብ ያለ ውሃ፣ ሳሙናና ጨርቅ ይበቃል።

የተጣበቀውን እጀታ በጅራቱቦ፣ በቱቦ መፍቻው፣ የሚያስገድዱም አሉ። እባካችሁ! ይሰበራል። ሲሞከርም ቢሆን በአንዴ አትዝጉት፤ ውሃው ድንገት ሲቆም ግፊቱ ወደ ኋላ ዞሮ ሆዙን (የውሃ ቱቦውን) እና ፓምፑን ይመታል። ካለቀ በኋላ ዘግቶ ማስቀመጥም ጥሩ አይደለም፤ በኳሷ ዙሪያ ውሃ ይታጎራል። ከፍታችሁ አንጠፍጥፉት።

የጥበቃውን ኖዝል ሳህን ላይ አድርገን ፈታነው። ሳህኑ ያለ ምክንያት አይደለም፤ የአንዳንዱ መጋጠሚያ ትንንሽ የብረት ኳሶች ስላሉት አንዷ ከተንከባለለች በቃ። ኦሪንጉ ተቆራርሶ ወጣ። ልኩን የሚያውቅ አልነበረም፤ ስብርባሪውን ገጣጥመን በካሊፐር፣ ውፍረትና ስፋት በሚለካው መሣሪያ፣ ለካንና ገበያ ወረድን። አሁን ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ትርፍ ኦሪንግ በፌስታል ታስሮ ተቀምጧል።