ቀዝቃዛ የቱና መኮሮኒ፦ ደብረ ብርሃን ተቀቅሎ ሸዋ ሮቢት የሚበላ

መጀመሪያ የሠራሁት ቀን አክስቴ አሞቁት።

ግንቦት ልደታ ነበር፣ ሸዋ ሮቢት። ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ከዛፍ ጥላ ሥር ተሰብስቧል። ንፍሮው ይንተከተካል፣ ቡናው ይቆላል። እኔ ከደብረ ብርሃን ተሸክሜ ያመጣሁትን የቱና ሰላጣ ጓዳ አስቀምጬ ፊቴን ልታጠብ ወጣሁ። ስመለስ ሰላጣዬ ብረት ድስት ውስጥ ገብቶ ከሰል ላይ ይንጫጫል። ማዮኔዙ ተበትኖ ዘይት ሆኗል።

"እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"መንገድ ላይ ቀዝቅዞብህ ነዋ፣ የኔ ልጅ። ሞቅ ላድርግልህ ብዬ ነው።"

"ቀዝቃዛውን ነው እኮ የሚበላው።"

"ምነው? እሳት ጠፍቶ ነው?"

አሁን እሳቸው ራሳቸው ከበዓሉ ሳምንት ቀድመው ይደውላሉ፣ "ያን ቀዝቃዛውን እንዳትረሳ" ይሉኛል። እዚህ እስክንደርስ ግን ሁለት ዓመት ተበላሽቶብኛል። ሁለቱንም ጊዜ ያበላሸብኝ ቱናው አልነበረም፣ መኮሮኒው ነው። ስለዚህ ስለ መኮሮኒው ረዘም አድርጌ አወራለሁ፣ ሌላውን ቶሎ ቶሎ አልፈዋለሁ።

መቼ ይሠራል?

ለዚህ ምግብ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለውን ጊዜ የሚያህል የለም። በሃምሳው ቀን ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾም ማዮኔዝ ውስጥ ያለው እንቁላል ከማንም ጋር አያጣላችሁም። ግንቦት ልደታም ሁልጊዜ እዚያው ውስጥ ትወድቃለች። ቆላው በሙቀት የሚነድበት ወቅትም ነው፤ ትኩስ ወጥ ፊት መቀመጥ ራሱ የሚያስመርርበት።

ምን ያስፈልጋል?

ከሌላ ምግብ ጋር ለሚቀርብበት ለ10 ሰው ያህል፦ ግማሽ ኪሎ መኮሮኒ፣ 3 ቆርቆሮ ቱና፣ 6 የሾርባ ማንኪያ ማዮኔዝ፣ 2 ካሮት፣ 1 ትልቅ ቀይ ሽንኩርት፣ 3 ጠንካራ ቲማቲም፣ 2 ቃሪያ፣ 3 ሎሚ፣ ትንሽ የተበጠበጠ ሰናፍጭ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ጨው፣ ዘይት። እንቁላል ቀቅሎ መጨመር የፈለገ ይጨምር። እኔ አልጨምርም፣ ከቱናው ጋር ሽታቸው ይጋፋል።

ረጅሙን ፓስታ አትግዙ። ሰባብሮ መሥራት ይቻላል የሚሉ አሉ፣ ሞክሬዋለሁ፣ ሲቀዘቅዝ እንደ ገመድ ይተበተባል። ጠምዛዛው መኮሮኒ ይሻላል፤ ማዮኔዙና የቱናው ፍርፋሪ በጥምዝምዙ ውስጥ ይያዝለታል። ፓኬቱ ላይ ከዱረም ስንዴ የተሠራ መሆኑ ከተጻፈ ጥቂት ብር ጨምራችሁ እሱን ውሰዱ። ለስላሳው የዳቦ ዱቄት የተቀላቀለበት መኮሮኒ ለትኩስ ሾርባ ይሆን ይሆናል እንጂ ለሰላጣ አይሆንም፣ ሲታሽ ይፈርሳል።

መቀቀሉ

የመጀመሪያው ዓመት ፓኬቱ "8 ደቂቃ" ይላል። እኔም ስልኬ ላይ 8 ደቂቃ ሞልቼ ቀቀልኩ፣ ደብረ ብርሃን፣ ቤቴ። ሲወጣ አንዷን ቀመስኩ። ትንሽ ጠንከር ብላለች፣ "ባለሙያዎቹ እንዲህ ነው የሚወዱት" ብዬ ራሴን አጽናንቼ አወጣሁት። በማግስቱ ሸዋ ሮቢት ስንበላው መሀሉ እንደ ጥሬ ስንዴ ቀጭ ቀጭ ይላል። እውነቱን ለመናገር አክስቴ ማሞቃቸው ሳያሻሽለው አልቀረም።

በሁለተኛው ዓመት ብልጥ ሆንኩ። ደብረ ብርሃን ላይ ደጋግሜ ሞክሬ 13 ደቂቃ እንደሚበቃው አወቅሁ። ከዚያ "ለምን እዚያው ሄጄ ትኩስ አልቀቅለውም?" አልኩና መኮሮኒውን ደረቁን ይዤ ወረድኩ። ሸዋ ሮቢት አክስቴ ማዕድ ቤት ገብቼ ያንኑ 13 ደቂቃ ቀቀልኩት። ገንፎ ሆነ። ማንኪያ ብትተክልበት ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። መኮሮኒውም ያው፣ ድስቱም ያው፤ የተለያየው ውሃው ነው። ከባሕር ጠለል ከፍ ባልን ቁጥር ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ ወደ 1 ዲግሪ ይቀንሳል ብላችሁ ያዙት። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች ውሃችን የሚፈላው ከ90 ዲግሪ ብዙም ሳይዘል ነው። ሸዋ ሮቢት ግን 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ እዚያ ወደ 96 ይጠጋል። ፓኬቱን የጻፈው ሰው ደግሞ 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላ ውሃ ይዞ ነው የጻፈው። ባቄላ ደጋ ላይ ለምን አልበስል እንደሚል እናቶቻችን ያለ ቴርሞሜትር ያውቁታል፤ መኮሮኒም ከዚያው ሕግ አያመልጥም።

እሳት በመጨመር አይካካስም። የፈላ ውሃ ላይ እሳት ብታበዙ ቶሎ ይተናል እንጂ ከመፍያው በላይ አይሞቅም። ፕሬዠር ኩከር ያለው ሰው እንዳይፈተን። መኮሮኒ አረፋ ያበዛል፣ አረፋው የእንፋሎት ማውጫውን ሊደፍነው ይችላል። ለባቄላ ተዉት።

ሁለተኛ ነገር አለ፣ እሱን ማንም አልነገረኝም። መኮሮኒ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። እንጀራ በማግስቱ እንደሚደርቀው ማለት ነው፣ ስታርቹ ይጠብቃል። ስለዚህ ትኩሱን ለመብላት "አሁን ልክ ነው" የምትሉበት ሰዓት ለሰላጣ ገና ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ደቂቃ ወይም ሁለት ጨምሩለት።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ። 5 ሊትር ውሃ አፍሉ፣ ሲንተከተክ 2 የሾርባ ማንኪያ ጨው ጨምሩ፣ መኮሮኒውን ጨምራችሁ ወዲያው አማስሉ። ውሃውን አትሰስቱበት፣ በጥቂት ውሃ ከቀቀላችሁት ይጣበቃል። ዘይት ውሃው ውስጥ መጨመርም ብክነት ነው፣ ከላይ ተንሳፍፎ ይቀራል። ፓኬቱ ላይ የተጻፈው ደቂቃ ሲሞላ መቅመስ ጀምሩ፣ ከዚያ በየደቂቃው። አንዷን አውጡና በቢላ ለሁለት ክፈሏት። መሀሏ ላይ ነጭ ነጥብ ካለ አልበሰለችም። ነጥቡ ጠፍቶ ጥርስ ላይ ትንሽ ብቻ ስትከብድ አንድ ደቂቃ ጨምሩና አውጡ። የፓኬቱ ደቂቃ ከሞላ በኋላ ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱት፣ የሚወስነው ሰዓቱ ሳይሆን ነጥቧ ነው።

ማቀዝቀዙ

ትኩስ መኮሮኒ በቀዝቃዛ ውሃ አይታጠብም የሚሉ እውነት አላቸው፤ ለስጎ ከሆነ። ለሰላጣ ግን ይታጠባል። መብሰሉን ያቆመዋል፣ የሚያጣብቀውንም ስታርች ያጥብለታል።

ውሃው ግን ከዚህ በኋላ እሳት አያየውም፣ በቀጥታ ወደ አፍ ነው። ስለዚህ የቧንቧ ውሃ እንዲሁ አትልቀቁበት። እኔ ከዋዜማው አንድ ትልቅ ድስት ውሃ አፍልቼ ከነክዳኑ በረንዳ ላይ አሳድረዋለሁ። የደብረ ብርሃን ሌሊት ከየትኛውም ፍሪጅ ይበልጣል፣ መብራትም አይጠፋበትም። ጠዋት እጅ ያደነዝዛል።

በደንብ አጥልሉት። ማጥለያውን ሦስት አራቴ አራግፉት፣ ለ10 ደቂቃ ተዉት፣ እንደገና አራግፉት። በጥምዝምዙ ውስጥ የቀረ ውሃ ኋላ ማዮኔዙን ያቀጥነዋል። ከዚያ 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጠብ አድርጋችሁ በእጅ እሹት፣ ክዳን ባለው ዕቃ ክተቱና ፍሪጅ አስገቡት።

አትክልቱ

ካሮቱን ፈቅፍቁ። ቲማቲሙን ሰንጥቃችሁ ፍሬውንና ውሃውን ጣሉ፣ ሥጋውን ብቻ ክተፉ። ቃሪያውም ፍሬው ይውጣ፣ ልጆች አሉ። ሽንኩርቱን በደቃቁ ከትፋችሁ በጨውና በአንድ ሎሚ አሽታችሁ ሩብ ሰዓት አቆዩት፣ ከዚያ ጨምቁት። ሳይታሽ ከገባ በማግስቱ ሰላጣው በሙሉ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል።

የሸዋ ሮቢት ሽንኩርትና ቲማቲም ስላለ እኔ ከላይ አልሸከምም፣ እዚያው ገበያ እገዛለሁ።

ቱናው

ቀለበት ያለውን ቆርቆሮ ግዙ። ቀለበት የሌለውን በቢላ ልከፍት ብዬ አውራ ጣቴን ሰንጥቄ በዓሉን በፋሻ አሳልፌያለሁ። በዘይት የታሸገው ከውሃው የተሻለ ይጣፍጣል። ክዳኑን በጣታችሁ ተጫኑና ዘይቱን ጨምቃችሁ አውጡ። 2 የሾርባ ማንኪያ ያህል አስቀሩለት፣ የዓሣው ጣዕም ያለው እዚያ ነው። ቱናውን በሹካ ፈረካክሱት፣ አታድቅቁት።

መንገዱና ማደባለቁ

የሠራሁት ትልቁ ስህተት ደብረ ብርሃን ላይ ሁሉንም ደባልቄ መውረዴ ነው። ጣርማበርን እስክናልፍ ብርድ ነው፣ ማንም አይጠራጠርም። ደብረ ሲና ቆሎ ለመግዛት ወረድን፣ አንዱ ቡና ልጠጣ አለ። ከዚያ ቁልቁል ስንወርድ ጃኬት ማውለቅ ተጀመረ። ሸዋ ሮቢት ስንገባ ዕቃው ለብ ብሏል። የዚያን ቀን እግዜር ጠብቆናል። ማዮኔዝና ቱና የነካው ምግብ ያለ በረዶ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፣ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ አንድ ሰዓት ብቻ። ሳይሸትም ሊያምም ይችላል፣ አፍንጫችሁን አትመኑ።

አሁን ለየብቻ ነው የምይዘው። ቱናው በቆርቆሮው እንደታሸገ፣ ማዮኔዙ ያልተከፈተ ትንሽ ብልቃጥ። ትልቁን ብልቃጥ ለበዓል አትግዙ፣ ከተከፈተ በኋላ ፍሪጅ ይፈልጋል። መኮሮኒው ብቻ አይስ ቦክስ ውስጥ ይገባል፣ ዙሪያውን ውሃ ሞልተው በረዶ ያደረጓቸው የሃይላንድ ጠርሙሶች። በረዶው ሲቀልጥ ይጠጣል።

ሰው መቀመጥ ሲጀምር ሰፊ ሳፋ አምጡ። ጎድጓዳ የሰላጣ ሳህን ያምራል፣ ግን ሲያማስሉበት ግማሹ መሬት ነው። መጀመሪያ ማዮኔዙን፣ የቱናውን ዘይት፣ የሁለት ሎሚ ጭማቂ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭና ቁንዶ በርበሬውን ለብቻ ምቱ። ሰናፍጩን አትዝለሉት፣ የማዮኔዙን አሰልቺነት የሚሰብረው እሱ ነው። መኮሮኒውና አትክልቱ ላይ አፍስሱና አዋህዱ። ቱናው መጨረሻ ይገባል፣ ከሥር ወደ ላይ ቀስ ተደርጎ ይገለበጣል።

ጨዉን አሁን ቅመሱ፣ አስቀድማችሁ አይደለም። ቀዝቃዛ ምግብ ጨው ይደብቃል። ሁልጊዜ ትንሽ ይጨመርበታል።

ለጾም የምትሠሩ ማዮኔዙን አውጡና በ5 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ በሎሚና ጠንከር ባለ ሰናፍጭ ተኩት። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እኔ አልገባበትም። በእኛ ቤት ራሱ በየገበታው ሁለት ወገን አለ፤ ለማይበሉት ከቱናው በፊት በአንድ ሳህን ቀንሼ የተቀቀለ ሽምብራ እጨምርበታለሁ።

የተረፈውን ለማንም ቋጥራችሁ አትስጡ። ደጅ ከዋለ ይደፋ፣ ቢያሳዝንም።

አክስቴ ግን ሳይተርፍ ይጨርሱታል። በእንጀራ ጠቅልለው፣ ከላይ ሚጥሚጣ ነስንሰው። ሳፋውን ሳቀርብ ዓይናቸው ከሰሉ ላይ ሲያርፍ ካየሁ ቶሎ ብዬ ጀበናውን እጥድበታለሁ።