ታንኳዋ ትገለበጣለች? መጀመሪያ ወረቀቱን ለኩ

እንጨቱ ደረቅ ነው፣ ሙጫው ውሃ የሚችል ነው፣ ብሎኑ አይዝግም። ይሄን ሁሉ አይታችኋል ብዬ ልጀምር። የማወራው ፕላን ፈልገው፣ የእንጨትና የሸራ ታንኳ ቤታቸው ሠርተው፣ ውሃ ላይ ሲያወርዷት "ምን ነካት?" ብለው ስለሚደውሉልኝ ሰዎች ነው። እኔ የምኖረው ሲያትል ነው። ደዋዮቹ ግን ከሐዋሳም ከጀርመንም ናቸው። ጥፋቱ እንጨቱ ላይ የሚሆነው አልፎ አልፎ ነው። ብዙውን ጊዜ ፕላኑ የታተመበት ወረቀት ላይ ነው።

ገና ስትቀመጡ ትዋዥቃለች፣ ዞር ስትሉ ትገለብጣችኋለች

ምክንያቱ፦ ፍሬሞቹ፣ ማለትም ለታንኳዋ ቅርጽ የሚሰጧት አግድም እንጨቶች፣ ጠበዋል። ያጠበባቸው ደግሞ ፕሪንተሩ ነው።

ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው አብዛኛው ፕላን የአሜሪካ ነው። የአሜሪካ ወረቀት ሌተር የሚባለው፣ 216 በ279 ሚሊሜትር ነው። የአገር ቤቱና የአውሮፓው ኤ4 ደግሞ 210 በ297 ነው። ለሌተር የተዘጋጀውን ኤ4 ላይ ስታትሙ ፕሪንተሩ በራሱ ጊዜ ከወረቀቱ ጋር ያስማማዋል። ሥዕሉ ወደ 97 በመቶ ይወርዳል። ትልቁ ወረቀት ላይ ይብሳል። 36 ኢንች ወርድ ያለው የአሜሪካ ፕላን 914 ሚሊሜትር ነው፤ ኤ0 የሚባለው ትልቅ ወረቀት ደግሞ 841። "አስማማው" ሲባል 8 በመቶ ይበላል።

8 በመቶ ምን ትጎዳለች ካላችሁ፣ ስፋቷ 80 ሴንቲሜትር መሆን የነበረባት ታንኳ 73.6 ትሆናለች። ርዝመቷ ግን አይቀንስም፤ በፍሬምና በፍሬም መሃል ያለውን ርቀት በሜትሮ ነዋ የምትለኩት። ስለዚህ ጋራዥ ውስጥ ስትታይ ታምራለች፣ ቀጠን ብላ። መከራው ውሃ ላይ ነው። ታንኳ ስታዘነብል መልሶ የሚያቀናት ጉልበት ከስፋቷ ጋር በኪዩብ (ስፋት በስፋት በስፋት) ነው የሚሄደው። ስፋቱ 8 በመቶ ሲቀንስ ጉልበቱ ከአምስት እጁ አንድ እጅ በላይ ይሄዳል።

ሐዋሳ ያለ አንድ ልጅ ፕላኑን ባነር የሚያትም ቤት ወስዶ አሳተመ። ፍሬሞቹን በጥሩ ኮምፔንሳቶ ቆረጠ። ስፌቱ የዓሣ አጥንት ነው፣ ሲያዩት ደስ ይላል። ሐይቁ ዳር ያወረዳት ዕለት ጓደኞቹ ቪዲዮ ይቀርጹ ነበር። ሁለቴ ቀዘፈ፣ ከዚያ የታንኳዋ ሆድ ወደ ሰማይ። ልጁ ደህና ነው፣ ስልኩ ግን ሐይቁ ውስጥ ቀረ። "ፕላኑ ጥግ ላይ 10 ኢንች የምትል መስመር አለች፣ ለካት" አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። "ዘጠኝ ከምናምን ነው" አለኝ። በቃ፣ እሷ ናት።

ሌላው ስቱትጋርት ነው ያለው። ኦሪጅናሉ እንዳይበላሽበት ብሎ በፎቶ ኮፒ አባዛው። አንዳንድ ማሽን ወረቀቱን ሲስብ ሥዕሉን በአንድ በኩል ብቻ ይለጥጠዋል ወይም ያሳጥረዋል። የሱ ፍሬሞች ቁመታቸው ልክ፣ ወርዳቸው ጎዶሎ ሆነው መጡ። ፕላኑን በስልክ ፎቶ አንስቶ ያስፋፋም ገጥሞኛል። እባካችሁ ተዉ። ካሜራ ጠርዝ ያጣምማል።

መፍትሔው፦ ስታትሙ "100 በመቶ" ወይም "ትክክለኛ መጠን" የሚለውን ምረጡ። መጀመሪያ አንድ ገጽ ብቻ አትሙ። የልክ መስመሯን በብረት ማስመሪያ ለኩ፤ በአግድም፣ ከዚያም በቁም። በአንድ በኩል ብቻ ለክቶ "ልክ ነው" ማለት አይሠራም። የልክ መስመር ከሌለው ትልቁን ፍሬም ለክታችሁ ፕላኑ የልክ ሰንጠረዥ ላይ ካለው ቁጥር ጋር አስተያዩ። ማተሚያ ቤት ከሆነ ሜትሮ ይዛችሁ ሂዱ፣ እዚያው ለኩ። "አይ፣ ልክ ነው" ብሎ ጠቅልሎ ከሚሰጣችሁ ሰው ተጠንቀቁ። ከፍላችሁ ከወጣችሁ በኋላ ማንም አያውቃችሁም።

ወረቀቱን ኮምፔንሳቶ ላይ በቪናቪል አትለጥፉ። ውሃ ያለው ሙጫ ወረቀት ያሳብጣል፣ ልኩ እንደገና ይበላሻል። ወረቀቱን ዘርግታችሁ መስመሩን በመርፌ እየበሳችሁ ወደ እንጨቱ አሳልፉ። ነጥቦቹን በቀጭን ተጣጣፊ እንጨት አገናኙ።

ፍሬሞቹ ጠበው ከተቆረጡ፣ ሸራ ካላለበሳችሁ እንደገና ቁረጧቸው። አውቃለሁ፣ ያናድዳል። ከለበሰ በኋላ ግን ማስፋት የለም። መቀመጫውን አውጡና ወለሉ ላይ ተንበርክካችሁ ቅዘፉ፤ ክብደት ወደ ታች ሲወርድ ይሻላታል። ልጅ አታሳፍሩባት። በግራና በቀኝ ባዶ ጀሪካን ያሰረም አይቻለሁ። አልተገለበጠችም፣ ታንኳነቷ ግን ቀርቷል።

ጎኗ ላይ ጉብታ ወይም ስርጉድ አለ

የልክ ሰንጠረዡን በትክክል አላነበባችሁትም። የአሜሪካ የልክ ሰንጠረዥ 1-2-6 ብሎ ሲጽፍ 1 ጫማ፣ 2 ኢንች፣ 6 ስምንተኛ ማለቱ ነው። 14.75 ኢንች፣ ማለትም 375 ሚሊሜትር ገደማ። 12.6 ኢንች ብሎ ያነበበው ሰው 320 ላይ ቆረጠ። ከቁጥሩ ኋላ የመደመር ምልክት ካለ ደግሞ አንድ አሥራ ስድስተኛ ኢንች ጨምሩ። ሰንጠረዡ የሚሰጠው ከመሃል መስመር ያለውን ግማሽ ወርድ መሆኑንም አትርሱ። ይሄን የረሳ ሰው የሠራትን ባየኋት ጊዜ የአበባ ማስቀመጫ መስላኝ ነበር።

መፍትሔው፦ ቁጥሮቹን በሙሉ መጀመሪያ ወደ ሚሊሜትር ቀይራችሁ ጻፉ። ረጅሞቹን እንጨቶች ስታስሩ ከአፍንጫዋ በኩል በአንድ ዓይን ተመልከቱ። ዓይን ሜትሮ የሳተውን ይይዛል። የሚያስቸግረውን አንድ ፍሬም ሞርዱ ወይም ቀጭን ስንጥር ለጥፉበት።

ወራት አለፈ፣ ሥራው አያልቅም

የተሳሳተ ዓይነት ፕላን ገዝታችኋል። የአሜሪካዋ ሜይንና የካናዳዋ ኒው ብረንስዊክ ባህላዊ ታንኳ፣ ካኑ የሚባለው፣ ሙሉ ጎኑ ቀጭን የዝግባ ጣውላ ነው፣ ሸራው ከላይ ይለብሳል። እሱን ለመሥራት መጀመሪያ የታንኳዋን ቅርጽ የሚያህል ጠንካራ ሞልድ ይሠራል። ሞልዱ ላይ የብረት ቀበቶ አለ፤ የናስ ምስማሮቹ ሲመቱ ጫፋቸው እሱ ላይ ይታጠፋል። ለአንዲት ታንኳ ይሄን ሁሉ? ለቤት የሚሆነው ጨርቁ በቀጥታ አጽሙ ላይ የሚወጠርበት ነው።

የድሮ ካኑዎችን መስመር ለማየት ስሚዝሶኒያን በ1964 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የአድኒና የቻፔል መጽሐፍ ወርቅ ነው፤ ግን የሥራ መመሪያ አይደለም። ቀላል ታንኳ ከፈለጋችሁ የአሜሪካዊውን የጀልባ ነዳፊ የፕላት ሞንፎርትን ዓይነት ፈልጉ። እነዚህ ላይ ከጨርቁ ሥር በሰያፍ የሚወጠር ኬቭላር የሚባል ጠንካራ ክር አለ። "አላገኘሁትም" ብሎ የተወው ሰው ታንኳ እንደ ቅርጫት ትጣመማለች። ጌጥ አይደለም።

ከጎን ብቻ የተሳለ ቆንጆ ሥዕልን ፕላን አትበሉት። ከጎን፣ ከላይ፣ ከፊት የተሳለ፣ የልክ ሰንጠረዥ፣ የእንጨቶቹን ውፍረትና የምትችለውን ክብደት የሚናገር ካልሆነ ገንዘባችሁን አታውጡ።

ሸራው ረገበ

ናይለን ነው የለበሳችሁት። ናይለን ሲረጥብ ይረዝማል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። ነጋዴው ፖሊስተር ነው ቢል አትመኑ፤ ሜትር የሚሆን ቁራጭ ውሃ ውስጥ አሳድሩና ለኩ። ፖሊስተር ከሆነ ደግሞ፣ እሱ የሚወጠረው በካውያ ሙቀት ስለሆነ፣ ካውያው በዝቶበታል። ከ120 ዲግሪ ጀምሩ፣ ቀስ እያላችሁ እስከ 175 ውጡ፣ እዚያ ላይ ቁሙ። ከዚያ ካለፈ ጨርቁ መልሶ ይላላል፣ ከዚያ በኋላ አይመለስም። የካውያ ቁልፍ ላይ የተጻፈውን አትመኑ፣ ቴርሞሜትር ያዙ። በግራ ትንሽ፣ በቀኝ ትንሽ እያላችሁ ሂዱ።

የአይሱዙ ሸራ በካውያ አይሰበሰብም። ይቃጠላል፣ ጭሱም መጥፎ ነው። በእጅ መወጠር ብቻ ነው ያለው።

ሌሎች

ውሃ ታስገባለች፦ አፍንጫዋ ላይ ያለውን ስፌት እዩ፣ ሌላ ቀለም ድገሙ። ቀለሙ ባለ ሁለት ጣሳ (ሁለቱ ተቀላቅለው የሚቀቡት) ፖሊዩሪቴን ከሆነ አየር ባለበት ቦታ፣ በእውነተኛ ማስክ። የኮቪድ ማስክ አይደለም የምላችሁ።

የጎን አጥንቶቹ ሲታጠፉ ይሰበራሉ፦ እንጨቱ በምድጃ የደረቀ ነው። በአየር የደረቀ ፈልጉ። ለአንድ ኢንች ውፍረት አንድ ሰዓት እንፋሎት ስጡ።

ወደ አንድ ጎን ትስባለች፦ አጽሟ ተጣሟል። ሸራ ከመልበሷ በፊት ሁለት ቀጥ ያሉ እንጨቶች ከፊትና ከኋላ አጋድማችሁ አንዱን ባንዱ ላይ ተመልከቱ። ትይዩ ካልሆኑ ማሰሪያውን ፍቱና አቅኑ።

ሸራው በሊንሲድ ዘይት የሚቀባ ከሆነ፣ ዘይት የነካ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥግ አትጣሉ። ማንም እሳት ሳይለኩስበት ይቀጣጠላል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት።